የሲኒ አፍ የምታክል ቀዳዳ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ጓሮ ያለው እንሰትሽ ደህና ነው? እኛ ሦስታችንም ደህና ነን። ማዕዶት ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ለቋታል።

ደብዳቤሽን ሸቀጥ ይዛ ከአገር የምትመላለሰው የሚዛን ሱቅ ሄጄ ተቀበልኩ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈትሽን ሳየው መክፈት አቃተኝና ኪሴ ከትቼው ከኢስትሊ እስከ ቤት በማታቱ ታክሲ መጣሁ። «ከእንግዲህ ስልክህን አላነሳም፤ የምትለው ካለህ ጻፈው» ብለሽ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን ስጽፍልሽ ዝም ብለሽኝ ኖረሽ ይሄ የመጀመሪያ ቃልሽ ነው። ሦስት መስመር ብትሆንም ደጋግሜ አነበብኳት።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ማርታ እርጉዝ ናት፤ በሐምሌ አጋማሽ ትወልዳለሽ ብለዋታል። ከእኔ ሳይሆን ከሚዛን መስማትሽ አሳፍሮኛል። ስልክ ብታነሺ ኖሮ... ተይው፣ ይሄም ሌላ ጠብ እንዳይሆን።

ሥራ እንዴት ነው ላልሽው፣ ደክሞኛል እማዬ። ሙቀቱ ከገና ጀምሮ ለቆን አያውቅም፤ የሀብታሞቹ ሰፈር የኪሌሌሽዋ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ኤሲው የተበላሸበት ይመስል ይደውላል። «ፈንዲ፣ ዛሬ ካልመጣህ እንሞታለን» ይሉኛል። ፈንዲ ማለት እዚህ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው፤ ስሜን የሚያውቀው የለም። ዓመቱን ሙሉ ማጣሪያውን እጠቡት ብዬ ብለምን ማንም አይሰማኝም። ሰው ኤሲ እንዳለው የሚያስታውሰው ሲያልበው ነው። ትናንት አንዱን በረንዳ ላይ ስከፍተው ርግብ ጎጆ ሠርታ፣ ሁለት እንቁላል ጥላ አገኘኋት። የቤቱ እመቤት እንቁላሎቹን እንዳልነካ ለመነችኝ፤ ኤሲውንም በዚያው ቀን እንድጠግን አዘዘችኝ። እንዴት አድርጌ ሁለቱን እንደማስማማ አልነገረችኝም። ሙቀቱ ሲያልፍ ዝናቡ፣ ዝናቡ ሲያባራ ብርዱ ይመጣል። አንዱን ወቅት ጠግኜ ሳልጨርስ ሌላው ይበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማርታ እናት እንደሌላት ታውቂያለሽ። ለማዕዶት የመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ለዚህኛውም ከአንቺ ሌላ ሰው የለንም። እንድትመጪልን እለምንሻለሁ። ያን ቀን ሊጠይቁን በመጡት የቤተ ክርስቲያን እናቶች ፊት «ልትገድያቸው ነው እንዴ!» ብዬ ስለ ጮኽኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንድም ቀን ሳልጸጸት አልዋልኩም። ግድግዳውን ስለ መብሳቴ ግን ይቅርታ መጠየቅ አልችልም። ክፍላችን ምድር ቤት ነው፣ ፀሐይ አይቶ አያውቅም፣ በብርድ ወቅት ግድግዳው ያልበዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይበርዳቸው የጋዝ ሂተር አስገባሁ። የጋዝ ሂተር ባለበት ክፍል ደግሞ ከበሩ በላይ አየር ማስገቢያ ያስፈልጋል። የሲኒ አፍ የምታክል ቀዳዳ ናት እማዬ። አንዴ በነጠላሽ፣ አንዴ በማዕዶት መጠቅለያ ወተፍሻት፤ በመጨረሻ ጭራሽ በልኳ ክብ ውታፍ ሰፍተሽ ሰካሽባት። ያን ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው።

ማርታ አጠገቤ ሆና «ቀዳዳው ባዳዬ ይታያል በላት፤ ፕሊዝ፣ እማ ብቻ ትምጣ» ትላለች። የቀዳዳው ነገር በኋላ ይደርሳል ማለቷ ነው። ማዕዶት ፎቶሽን ስታይ «ኮኮ» እያለች ትስማለች።

ልጅሽ ሕዝቅያስ


ሐገረ ሰላም
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕዝቅያስ ገብሬ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንሰቱም ደህና ነው። ጉልበቴን አትጠይቀኝ፤ ደህና ነው ብልህ ውሸት፣ ታሟል ብልህ ሰበብ ይመስልብኛል።

ይቅርታህ ደርሶኛል። ግማሹን ተቀብዬ ግማሹን መልሼልሃለሁ፤ አንተም የላክኸው ግማሹን ነውና። «ስለ ጮኽኩ ይቅርታ፣ ስለ በሳሁት ግን ይቅርታ የለም» ብሎ ይቅርታ ካንተ ሰማሁ። አባትህ ገብሬ ነፍሱን ይማረውና እሱ ይቅርታ ሲል እንደ ሰው ይል ነበር።

ለምን እንዲህ ከረረች ብለሃል ለሚዛን። የነገርኳትን ሁሉ ለአንተ እንደምትነግር፣ አንተም የነገርካትን ሁሉ ለእኔ እንደምትነግር ዕወቅ። እኔ የከረርኩት ስለ ጮኽክብኝ አይደለም። ልጅ ይጮኻል፣ ሲነጋም ያፍራል። ለእነዚያ ሴቶች የአራስ ምግብ አቅርቤ፣ ተጸልዮልን፣ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው «ገዳይ» ያልከኝ። ይህን ቃል ሌላ ሰው ድሮ ብሎኛል። ማን እንደሆነና ለምን እንዳለኝ አሁን አልነግርህም፤ አንተ ግን ትደግመዋለህ ብዬ አልጠበቅሁም።

ቀዳዳዋን በተመለከተ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ውጭው ብርድ፣ በር ላይ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ሥር አራስ ከነልጇ! የአራስ መቃብር አርባ ቀን ሳይደፈን ይቆያል ሲሉ አልሰማህም? የሰውን ቤት ስታቀዘቅዝና ስታሞቅ ከርመህ የራስህን ቤት ለንፋስ ከፈትክ። አየር ያስፈልጋል ትለኛለህ። አንተን አየር በማይገባበት ቤት ነው ያሳደግሁህ፤ ይኸው መሰላል ተሸክመህ ሰማይ ትወጣለህ።

ቁርጡን ልንገርህ። ቀዳዳዋን በሲሚንቶ ድፈናት። ስትደፍናት ጻፍልኝ፤ በማግስቱ እነሳለሁ። ሳትደፍናት ግን በዚያ ቤት አራስ አላርስም። ማርታን እወዳታለሁ፤ ስለምወዳት ነው።

የዝናቡን ነገር ጻፍልኝ። ማዕዶት «ኮኮ» የምትለኝ በምን ቋንቋ ነው? አያት ማለት ከሆነ ግድ የለም።

እናትህ ጌጤ


ናይሮቢ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ይሄን ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያናችን ሾፌር መኳንንት ያደርስልሻል። ለስብሰባ ወደ ሐዋሳ ሰዎች ይዞ ይሄዳል፤ እስከ ሐገረ ሰላም እንዲወጣልኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ኮኮ ማለት አያት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ናቸው ያስተማሯት።

ዝናቡ ገብቷል። ኤሲው ተረስቶ አሁን ሰው ሁሉ ሙቅ ውሃ ሙቅ ውሃ ይላል። እዚህ ሕንጻዎቹ የሚጠቀሙበት የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው፤ የማሞቂያውን ብረት ነጭ ድንጋይ ያለብሰዋል። ጣራ ላይ በካፊያ ተንበርክኬ እሱን ስፍቅ እውላለሁ። ማታ ማዕዶትን ሳቅፋት ጣቶቼ አይታጠፉልኝም። ማርታ «ፖሌ፣ አይዞህ» እያለች በቅባት ታሸኛለች። እሷም ራሷ እግሯ አብጦ መቆም ይከብዳታል።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ጥሩሰው ቤት ነበርኩ፤ ምግብ ቤት ያላቸው ያገራችን ሰው ናቸው፣ ኪሌሌሽዋ እሳት ማንደጃ ያለው የድሮ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ የጭስ ማውጫቸውን እጠርጋለሁ። በየዓመቱም ውስጡ ስፖንጅ ወትፈውበት አገኛለሁ።

«ጋሽ ጥሩሰው፣ ዘንድሮም ደፈኑት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሰማይ ቁልቁል እየነፈሰብኝ ልቀመጥ?» አሉኝ።

«ረስተው ቢያነዱትስ?»

«አንተ ለምን አለህ? ሳላነድ ታስታውሰኛለህ!»

ስቄ ስፖንጁን አወጣሁት። እኛ ያገራችን ሰዎች ቀዳዳ ስናይ አንወድም። አንቺ ብቻ አይደለሽም እማዬ፤ ስለዚህ እንደ ጠላትሽ አትዪኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ማዕዶት በተወለደች በሳምንቱ የማውቃቸው ሰዎች ማለዳ ጠሩኝ። ግቢያቸውን የሚጠብቁት ሁለት ዘበኞች ነበሩ። ማታ በጣም በርዷቸው ምግብ ያበሰሉበትን የከሰል ምድጃ፣ እዚህ ጂኮ የሚሉትን፣ ወደ ጎጇቸው አስገቡ። ከበሩ ሥር ንፋስ እንዳይገባ ፎጣ ወተፉ። ሙቱኩ የሚባለው፣ ሁልጊዜ መሰላሌን የሚይዝልኝ፣ አልጋው ላይ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው። ጉንጮቹ ቀልተዋል፣ ፊቱ ሰላም ነው። አንድም የታመመ ሰው ምልክት የለበትም። ጓደኛው ራሱን አዙሮት ሊያስመልሰው ሲል ወደ በሩ ሄዶ፣ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ወደቀ። እሱ ተረፈ። ያተረፈው የተከፈተው በር ነው።

እሳት አየር ይበላል እማዬ። ሰውም አየር ይበላል። ክፍሉ ከተደፈነ ከሁለቱ የሚሸነፈው ሰው ነው። የከሰሉ መርዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙ ሲያምር ነው የሚገድለው። የጋዝ ሂተርም የዚሁ ዘመድ ነው። ንፋስ ግን አንድም ሰው ገድሎ አላየሁም።

ከዚያ ቤት ስመለስ ነው የሰፋሽውን ውታፍ ቀዳዳዋ ላይ ተሰክቶ፣ ሂተሩ እየነደደ፣ ማርታና ልጄ ተኝተው ያገኘሁት። አራስ ቤት የሞት ወሬ አይገባም ስለምትዪ ምክንያቱን መናገር አልቻልኩም። ጩኸቱ ብቻ ነው የወጣኝ።

እንግዲህ አሁን ዐውቀሽዋል። ቀዳዳዋን አልደፍናትም። ነይልኝ።

ልጅሽ ሕዝቅያስ


ሐገረ ሰላም
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሕዝቄ፣

መልስህን ሳልጠብቅ ጻፍኩ። ሚዛን ነገ ከዲላ ትነሳለች ሲሉኝ ዛሬ ካልጻፍኩ ልቤ አይጨክንም ብዬ ነው። ባለፈው ቁጣዬን ብቻ ላክሁልህ፤ ምክንያቱን ሳልነግርህ ብቻ «ድፈን» ማለቴ ልክ እንዳልሆነ ሳስበው ቆየሁ።

ካንተ በፊት እህት እንደነበረችህ ታውቃለህ። ብርድ መቷት ሞተች ብዬህ ነበር፤ ከዚያ አልፌ አልነገርኩህም፤ አንተም አልጠየቅኸኝም። ስሟ ሠርክ ነው። አባትህ ነው ያወጣላት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለ ተወለደች።

ሐምሌ ነበር። የሐገረ ሰላምን ሐምሌ ታውቀዋለህ፤ ጉሙ ቤት ገብቶ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። ገና አራስ ነኝ። አማቴ፣ ያንተ አያት፣ «ይህችን ልጅ ይበርዳታል» አለችኝ። እኔም የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና ቁርጥራጭ አላጣሁም። የበሩን ሥር በጆንያ ዘጋሁ። ጭሱ ያለቀለት ከሰል በማንደጃ አስገብቼ አጠገቧ አስቀመጥኩላት። ቤቱ ሞቀ። እንዲያ ሞቆ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ጡት ሰጥቻት አብረን ተኛን።

ስነቃ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። ሊያስመልሰኝ ሲል ተንከላውሼ ወጣሁ፤ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ወደቅኩ። እዚያው ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። አማቴ ናት ያገኘችኝ። ወደ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ጩኸቷን ሰማሁ። ሠርኬ የተኛች ነበር የምትመስል፤ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ከወትሮዋ ይልቅ አምራ። አማቴ በሩን አየች፣ እኔን አየች። «ከፍተሽ ንፋስ አስገባሽባት! አንቺ ገዳይ!» አለችኝ። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ክፍት በር አይተህ ታውቃለህ? ትንሽ ሳለህ «እማዬ፣ ለምን በጋም ሁሉ ይዘጋል?» ትለኝ ነበር። ያቺን በር ምነው ባልከፈትኳት እያልኩ ነው ያረጀሁት። ለአንተ ቀላል ነው፤ ቀዳዳ ነው። ለእኔ ግን ያ በር ነው። በሌላ ልጅ ላይ ሁለተኛ አልከፍተውም።

እንግዲህ አሁን ዐውቀህልኛል። አትከራከረኝ፣ ልጄ። ደክሞኛል።

እናትህ


ናይሮቢ
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ እናቴ፣

እንዴት ነሽ? በጣም ደህና ነሽ? ብቻሽን አትሁኚ፤ የጎረቤት ልጅ ጽጌረዳ እያደረች አብራሽ እንድትተኛ ሚዛንን አስልኬባታለሁ። ምንም አይደለም፤ እንዲሁ ብቸኝነት ጥሩ ስላልሆነ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የእኔን ለመኳንንት ከሰጠሁ በኋላ ነው። የጻፍኩልሽን እባክሽ እርሺው። ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ስለዚያ ዘበኛም ተሳስቼ ነው፤ በኋላ ሲያጣሩ ልቡ ነው አሉ። ከድሮም የልብ ሕመም ነበረበት። ጂኮው ምንም አላደረገውም።

ስለ ሠርክ ያልሽውን አነበብኩ። አዎ፣ ብርድ ነው። የሐገረ ሰላም የሐምሌ ብርድ ሕፃን ይጥላል፤ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። አያቴ ግን እንደዚያ ልትልሽ አይገባም ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ምንም። ይህን ያልኩሽን አትርሺ። እኔም ያን ቃል ስለ ደገምኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን ሙሉውን ነው የምልክልሽ፣ ግማሽ አይደለም።

ቀዳዳዋን ደፍኛታለሁ። የሰፋሽውን ውታፍ ጥዬው አልነበረም፤ ከመሣሪያዎቼ ጋር ነበር። እሱን ሰክቼ በላዩ በሲሚንቶ መርጌ ቀለም ቀባሁት። አከራያችን ከሊድ እንኳ የቱ ጋ እንደነበረ አያውቀውም። የጋዙን ሂተር ሸጬ የኤሌክትሪክ ገዛሁ፤ ዘይት ያለበት ነው፣ እሳት የለውም። መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ እንደራርባለን። ቶከን፣ ቀድመን የምንከፍለውን የመብራት ሂሳብ፣ ይበላል ግን ቅዳሜንም እሠራለሁ፤ ብርዱ ስለገባ ሥራ ሞልቷል። ትናንት ብቻ አራት ቤት ሂተር ገጥሜ መጣሁ። ማርታ «ወገብህ ተሰብሮ አንተንም እንዳላርስህ» ትለኛለች።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በብርዱ ከሰል ወደ መኝታሽ አታስገቢ። ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም፤ ዓይንሽ ደግሞ ለስፌት ያስፈልግሻል። እሳት ከሞቅሽም በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጊው። እንዲሁ ለዓይንሽ ብዬ ነው።

አሁን ነይ። ያልሽውን ሁሉ አድርጌያለሁ።

ልጅሽ


ሐገረ ሰላም
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሕዝቄ፣ ልጄ፣

ሰላምታውን በአካል ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ተውኩት፤ ዛሬ እንዲሁ እንደመጣልኝ ልጨርሰው ነው። ጽጌረዳ እግሬ ሥር ተኝታለች። አስልከህባት መጥታ ስታንኮራፋ ታድራለች።

የዘበኛውን ደብዳቤ መኳንንት በእጄ ሰጠኝ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ዘግይቶ ነበርና ሻይ እንኳ ሳይጠጣልኝ ሄደ። አንብቤው መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት። «ያ የከተማ ነገር ነው» አልኩ ለራሴ። ቀልተው የነበሩትን ጉንጮች ዘልዬ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ዓይኔ ግን እየተመለሰ እዚያው ይሄድብኛል። በማግስቱ መኳንንት ተመልሶ መጣ። «ልጅሽ ደውሎ ደብዳቤውን እንዳልሰጥሽ ለመነኝ። ሰጥቻታለሁ ስለው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ምንም አላጠፋህም ብዬ ሸኘሁት። የዚያን ቀን ጠረጠርኩ።

የኋለኛው ደብዳቤህ ሲመጣ ግን ዐወቅኩ። አንተ ልጅ ውሸት አትችልበትም፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አትችልበትም። ዘበኛው በልቡ ነው የሞተው ካልክ፣ ለምን ከሰል እንዳላስገባ ትለምነኛለህ? ለዓይኔ ከሆነ፣ በሩን ለምን ገርበብ አድርጊው ትለኛለህ? ንፋስ ሰው አይገድልም ብለህ ከእናትህ ጋር ሁለት ዓመት የተጣላህ ልጅ፣ በሦስት ሳምንት «አዎ፣ ብርድ ነው» አልክ። በክርክር ተሸንፈህ አታውቅም፤ ለእኔ ስትል ተሸነፍክ። ቀዳዳዋን እንኳ ደፈንካት።

አለቀስኩ። አልዋሽህም፣ ገና ዛሬ እንደሞተች አድርጌ አለቀስኩላት። ከሰሉን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ፤ ጨርቁንም የወተፍኩት እኔ ነኝ። አታጽናናኝ፤ አላውቅም ነበር፣ አማቴም አታውቅም ነበር፣ አምላክም ይህን ያውቃል። እሱ ያወቀውን ሁሉ በአንድ ቀን አይነግረንም፤ አቅማችንን ያያል። አማቴን ይቅር ብያታለሁ። እሷም የልጅ ልጇ ናት የሞተችባት።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የዘበኛውን ጓደኛ ያተረፈው የተከፈተው በር ነው ብለሃል። ዕድሜ ልኬን የረገምኩት በር እኮ ነው ሕዝቄ! እኔን ያወጣኝ እሱ ነው። እሱ ባይከፈት አንተም አትወለድም፣ ማዕዶትም የለችም፣ ይህ የሚመጣውም የለም። በዚያ ሁሉ ቀን ያደረግሁት አንድ ደግ ነገር እሱ ነበር፤ እኔ ግን ስለ እሱ ብቻ ስከሰስ ኖርኩ። አሁን ሳስበው ልቤ ያዝናል፣ ደግሞም ከላዬ ላይ አንድ ነገር ተነሥቷል። ሁለቱም አብሮ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። ያን ዘይት የሚሉትን ሂተር መልስ፤ ጋዙን ግዛ። በቶከን ሰበብ ወገብህን አትጨርስ፤ መብራት ሲጠፋም አራሷና ልጁ አይበርዳቸው። እኔ ሳልደርስ መዶሻህን አንሥተህ ቀዳዳዋን እንደገና ክፈታት። ሰፋ አድርጋት። ውታፌን አታበላሽብኝ፤ አውጥተህ አራግፈህ አስቀምጥልኝ፣ መርፌ መሰኪያ አደርገዋለሁ። አልጋዬን ከቀዳዳዋ ሥር አንጥፍልኝ። ንፋስ ከገባ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ፤ አራሷን በምን እንደምጠቀልላት እኔ ዐውቃለሁ። እሱን ደግሞ አንተ አታውቅም፣ አትከራከረኝ። ለእነዚያ እናቶችም ጌጤ ተመልሳ መጣች በላቸው። ለጋሽ ጥሩሰውም ስፖንጃቸውን ያወጡ ዘንድ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አንተን አይሰሙህም።

ከሚዛን ጋር ሐሙስ እነሳለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ግን ነገ በሚነሣ ሌላ ነጋዴ እጅ ይቀድመኛል። ጉልበቴ ታሟል፤ አሁን እንግዲህ ሰበብ አይመስልብኝምና ነገርኩህ። ሞያሌ አውቶቡስ ስንለውጥ መሰላልህን ተቀብሎ ሥራህን የሚሸፍንልህ ሰው ካለ እዚያው ድረስ መጥተህ ብትቀበለኝ አልጠላም።

ይህን የምጽፍልህ በሬን ከፍቼ ነው። ጉሙ ገብቶ ጽጌረዳ ብርድ ልብሱን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ይበርዳል። ግን ተከፍቶ ይቆይ ብያለሁ።

ደግሞ ደውልልኝ። አነሳለሁ።

እናትህ ጌጤ